የጨለማዋ ጠርሙስ

ይህን የምፅፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። እኔው ራሴ ፈርቼ ነው የምፅፈው።

የሆነ ነገር ነው። በእኔ ላይ የሆነ። ማመን የማይፈልግ ይተወው፣ አልቀየመውም... እኔም ብሆን ሌላ ሰው ቢነግረኝ "ይቺ ልጅ እንቅልፍ አጥታ ነው" ብዬ ነበር የማልፈው።

ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ነው። ስምንት ሰዓት አለፍ ብሏል።

አስፈሪ ነገር ሁሉ በሌሊት የሚመጣ ይመስለን የለ? የእኔ የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች መስታወት በሆነ ክፍል ውስጥ። ደግሞ ብቻዬን አልነበርኩም።

መጀመሪያ ሥራዬን ላስረዳችሁ። እሱ ካልገባችሁ ፍርሃቱም አይገባችሁም።

የላብራቶሪ ተመራማሪ ነኝ። የምንሠራው ዱቄት ነው። ዱቄት ስላችሁ የምታውቁት ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ቅንጣቶቹ ከማነሳቸው የተነሳ ሺዎቹ ጎን ለጎን ቢሰለፉ የአንድ ፀጉር ውፍረት ቢሞሉ ነው። ናኖ የሚባለው እሱ ነው። ዱቄቱን ውሃ ውስጥ በጥብጠን ፀሐይ ላይ እናስቀምጠዋለን። ፀሐይዋ ስታርፍበት ዱቄቱ ውሃውን ይከፋፍለዋል፤ ከውሃው ሃይድሮጅን ይወጣል። የሚነድ ጋዝ ነው። በአጭሩ ሥራችን የፀሐይን ጉልበት ጠርሙስ ውስጥ አስገብቶ ማገዶ ማድረግ ነው።

ታዲያ ጠርሙሶቹ ሁልጊዜ ሁለት ናቸው። መንታ።

አንዷ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች። ሁለተኛዋ ያው ውሃ፣ ያው ዱቄት ይደረግባትና ከአንገቷ እስከ እግሯ በአሉሚኒየም ፎይል ትጠቀለላለች። ቅንጣት ብርሃን አይነካትም።

"የጨለማዋ" እንላታለን።

የጨለማዋ ምንም ጋዝ መስጠት የለባትም። ዜሮ ነው። ከሰጠች ሥራውን የሠራችው ፀሐይዋ አይደለችም ማለት ነው፤ ዱቄቱ እንደ ብረት እየዛገ፣ ራሱን እየጨረሰ ነው ጋዙን ያወጣው። ያኔ የሁለት ዓመት ልፋታችን ገደል ገባ።

እኔ ያጠፋሁት እዚህች ላይ ነው።

ግራጫው ያልነው አዲሱ ዱቄት ከበፊቶቹ ሁሉ ሦስት እጥፍ ጋዝ ሰጠ። አለቃችን፣ ዶክተሩ፣ ደስታውን የሚያደርግበት ጠፍቶት ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሪፖርቱ በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ መላክ ነበረበት። ከሁለቱ የጋዝ መለኪያዎቻችን ደግሞ አንዱ ተበላሽቷል። ደህነኛውን የፀሐይዋ ጠርሙስ ላይ ገጠምኩት። የጨለማዋን ለመለካት ሌላ ሁለት ሰዓት ያስፈልገኝ ነበር፤ የቀረኝ ግን አንድ ሰዓት አይሞላም።

እስከዛሬ የሠራናቸው ዱቄቶች በሙሉ በጨለማ ዜሮ ናቸው፤ ይሄኛውን ከሌሎቹ ምን ይለየዋል? አልኩ።

የሙከራ ደብተሩን ከፈትኩ።

"ጨለማ" ከሚለው ፊት ለፊት ዜሮ ፃፍኩ።

አልለካሁትም። ዝም ብዬ ነው የፃፍኩት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጋሽ ጠብታ መጡ።

የላብራቶሪው ዕቃ አጣቢ ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ ጠብታ ያልናቸው እኛ ነን። ያጠቡትን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ ያነሱና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩታል። አንዲት ጠብታ ውስጡ ተንጠልጥላ ከቀረች እንደገና ያጥቡታል። ንፁህ ጠርሙስ ጠብታ አይቋጥርም ባይ ናቸው። እያንዳንዱን ዕቃ ሰባት ጊዜ ያለቀልቃሉ፤ እሱንም ጮክ ብለው እየቆጠሩ። ስልክ እያወራንም ቢሆን ድምፃቸውን አይቀንሱልንም። አንድ ቀን አምስት ላይ ሲደርሱ "ስንት ሰዓት ነው ጋሽዬ?" ብዬ አሳሳትኳቸው። ተቆጥተውኝ ከአንድ ጀመሩ።

የዚያን ቀን ግን እየተሳቀቁ ነው ጠጋ ያሉኝ። ቢጫው የጎማ ጓንት እጃቸው ላይ እንዳለ ነው።

"ልጄ... የጨለማዋን ክዳን ስከፍተው ተነፈሰች።"

"ምን አሉኝ?"

"ፉስ... አለች። እንደ ለስላሳ። የድሮዎቹ እንዲህ ብለው አያውቁም።"

ሪፖርቱ ከተላከ ገና አንድ ሰዓቱ ነው።

"ሙቀት ነው ጋሽዬ። ክፍሉ ስለሚሞቅ ነው። ግድ የለም።"

አዩኝ። ከዚያ ፊታቸው ፈታ አለ።

"እንግዲህ አንቺ ካልሽ..." አሉና ወደ እጥበታቸው ተመለሱ።

እኔ ካልኩ... የሰላሳ ዓመት ዓይናቸውንና ጆሯቸውን ትተው የእኔን ትምህርት አመኑ። እስከዛሬ ድረስ ሆዴን የሚበላኝ ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚያች ዜሮ የመጣ ነው። ግራጫው በጨለማ ምንም አይሰጥም ተብሎ ስለተፃፈ፣ በትልልቅ ጠርሙሶች ውሃ ውስጥ እንደተበጠበጠ፣ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ኮሪደሩ ላይ ባለው የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት። ጋዝ ለማይወጣው ነገር መተንፈሻ ምን ያደርግለታል? የጠየቀ የለም። ደብተሩ ላይ ሰፍሯል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ጋሽ ጠብታ አንዱን ጠርሙስ ሊያወጡ ቁም ሳጥኑን ከፈቱ።

ድምፁን ክፍሌ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ነፋስ በር የወረወረ መስሎኝ ነበር።

ስደርስ መሬት ላይ ናቸው። የፈነዳው ጠርሙስ ስባሪ አንገታቸው ላይ ተሰክቷል። ነጩን ጋወኔን አውልቄ ቁስላቸው ላይ ጫንኩት... ጫንኩት... አምቡላንስ ሳይደርስ እጄ ላይ አለፉ።

ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ ጠርሙሱ ውስጥ ጋዝ ሊጠራቀም ይችላል ወይ? አሉ። ደብተሩ ተከፈተ። ጨለማ፣ ዜሮ። የእኔ የእጅ ጽሑፍ።

ከዚያ በኋላ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ገቡ። የማጠቢያውን ክፍል በረበሩ። አሲድ ሲያገኙ ጊዜ ነገሩ አለቀ፤ ሰውዬው ጠርሙሱን በደንብ ሳያጥቡ አሲድ ቀርቶበት ነው የፈነዳው ተባለ። "አደጋው የደረሰው በሟቹ ቸልተኝነት ነው" ብለው ፃፉ።

አንዲት ጠብታ የማያሳልፉ ሰው፣ ያልታጠበ ጠርሙስ ገደላቸው ተባለ።

ከሥር በምስክርነት ፈረምኩ።

ለምን ፈረምሽ? ትሉኝ ይሆናል። ፈራሁ። ሌላ መልስ የለኝም። ላቆነጃጀው ብል እችላለሁ፤ ግን ፈራሁ።

ከሳምንት በኋላ ልጃቸው መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። በእኔ ዕድሜ ብትሆን ነው። ልታለቅስብኝ ወይም ልትጮህብኝ የመጣች መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ወንበር ስሰጣት እንኳን አልተቀመጠችም።

"እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ቀርበሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ ብለውኝ ነው።"

"ጠይቂኝ።"

"አባዬ... ዕቃ ሳያጥብ ያስቀምጣል?"

ይኸው በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አፌን ከፈትኩ...

"ሰው አይደሉ? ያው በእድሜም ደከም ብለው ነበር... አንዳንዴ ሊረሱ ይችላሉ።"

ራሷን ነቀነቀች። አመስግናኝ ወጣች። እንደ አባቷ እሷም አመነችኝ።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

በምትካቸው ሰው ስላልተቀጠረ ዕቃዬን የማጥበው ራሴ ነኝ። አንድ ጠዋት ጠርሙስ አጥቤ፣ እንዲሁ ልማዱ ተጋብቶብኝ፣ ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁት። አንዲት ጠብታ አለች። ደግሜ አጠብኩ። አለች። ማድረቂያው ውስጥ ሁለት ሰዓት አቆየሁት፤ ብረት የሚያግል ማድረቂያ ነው።

አወጣሁት... ጠብታዋ እዚያው ናት።

ጣቴን አስገብቼ ቦታዋን ዳሰስኩ። ደረቅ ነው። በጣቴ የለችም፣ በዓይኔ አለች።

ሌላ ጠርሙስ አነሳሁ። እሱም ላይ፣ እዚያችው ቦታ።

ድካም ነው አልኩ። እንቅልፍ የለኝማ።

በማግስቱ ደግሞ ጓንታቸው። ቢጫው ጓንት ከቧንቧው አጠገብ ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ማንም ሳይነካው ቀርቷል። ሳልፍ ክንዴ ነካው። ሞቀኝ። አውርጄ እጄን አስገባሁ... ውስጡ እርጥብ ነው። ሰው አሁን ከእጁ እንዳወለቀው፣ በላብ።

ወርውሬው ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ እጄን ስታጠብ ዋልኩ።

ከዚያ ያ ቀትር መጣ።

ግራጫውን ለእንግዶች ልናሳይ ስለነበር ሁለቱን መንታ ጠርሙሶች አሰናዳሁ። የፀሐይዋን መስኮቱ ሥር፣ የጨለማዋን በፎይል ጠቅልዬ ጠረጴዛው ላይ። ከሁለቱም ክዳን ቀጭን ቱቦ ይወጣና ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ጋዝ ካለ አረፋው ይታያል።

ስድስት ሰዓት። ፀሐይዋ ጠርሙሷ ላይ ቁጭ ብላለች።

አንድም አረፋ የለም።

ቱቦውን ነካካሁ። ክዳኑን አጠበቅኩ። ምንም።

ከኋላዬ ግን ድምፅ ሰማሁ።

ብልቅ...

ዞርኩ። የጨለማዋ ናት።

ብልቅ... ብልቅ... ብልቅ...

ከዚያ ቆመ። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። እንደገና ጀመረ። እንደገና ቆመ። ሦስተኛው ዙር ላይ ከንፈሬ እየተንቀሳቀሰ መሆኑ ታወቀኝ። እየቆጠርኩ ነው።

አምስት... ስድስት... ሰባት።

ይቆማል።

አንድ... ሁለት...

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ግን እመኑኝ፣ ከፍርሃቱ ሥር ሌላ ነገርም ነበር። እፎይታ። ይኸው ማስረጃ አልኩ። የጨለማዋ ጋዝ ትሰጣለች፣ ማንም ሰው አይቶ የሚመሰክረው ነገር ነው፣ የሰውዬው ስም ይነፃል።

በደረጃው ሮጬ ወርጄ ዶክተሩ ቢሮ ገባሁና ተናዘዝኩ።

ተነስቶ በሩን ዘጋው።

"ቀስ ብለሽ አውሪ። አልለካሽውም?"

"አልለካሁትም።"

"ዛሬ ግን አይተሻል?"

"በዓይኔ።"

ክፉ ሰው አይደለም፤ ሪፖርቱ ቢወድቅ ከእኔ ይልቅ የሚወድቀው እሱ ነው፣ እንዲያም ሆኖ ስልኩን አንስቶ ኮሚቴውን ጠራ። ሐሙስ ቀትር ላይ በሁሉም ፊት እንዲለካ ተወሰነ። ልጃቸው ትገኝ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ።

ለኮሚቴው ሳልለካ ዜሮ እንደፃፍኩ ነገርኳቸው።

አንድ ነገር ግን አልነገርኳቸውም።

ጋሽ ጠብታ አስጠንቅቀውኝ እንደነበር። "ተነፈሰች" ብለውኝ፣ "ግድ የለም" ብዬ የመለስኳቸው እኔ እንደሆንኩ። መለኪያው ራሱ ይናገራል፣ ይህን መጨመር ምን ያደርጋል? አልኩ። ግማሽ እውነት ይዤ ገባሁ።

ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም ተሰበሰቡ። ሦስቱ የኮሚቴ ሰዎች፣ ዶክተሩ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ልጅቷ። መለኪያው ተጠግኗል። ጠርሙሷን በፊታቸው አጥቤ፣ በፊታቸው ሞልቼ፣ በፊታቸው ጠቀለልኳት።

መለኪያው ዜሮ ላይ ነው።

ጠበቅን።

ግማሽ ሰዓት... ዜሮ።

አንድ ሰዓት... ዜሮ።

"ትንሽ እንጠብቅ" አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

ሁለት ሰዓት ሞላ። ቀስቷ ንቅንቅ አላለችም።

ሰብሳቢው መነፅሩን አውልቆ ጠረገ። ደግ ሰው ነው፤ ይበልጥ ያሳመመኝም ደግነቱ ነው። የሰው ሞት ማየት ቀላል አይደለም አለኝ፤ ኅሊና ያለው ሰው ያላጠፋውንም ጥፋት ይሸከማል አለኝ። ሳልለካ መፃፌ ልክ እንዳልሆነ፣ የፃፍኩት ግን እውነት ሆኖ እንደተገኘ አስረዳኝ።

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል" አለ። "ይኸው ጠራ። ልጄ፣ ራስሽን አትውቀሺ።"

ወረቀቱን አወጡ። በሟቹ ቸልተኝነት የሚለው ፀና። ተራ በተራ ፈረሙ።

ጮኼ ማስቆም ነበረብኝ። ነግረውኝ ነበር፣ ተንፍሳለች ብለውኝ ነበር ማለት ነበረብኝ። እነሱ ይቅር ሲሉኝ እኔ ራሴን እየነቀነቅኩ ነበር።

አንድ በአንድ ወጡ። ዶክተሩ ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ወጣ። የእግራቸው ድምፅ ደረጃው ላይ ጠፋ።

ልጅቷ አልወጣችም።

እሷና እኔ ብቻ ቀረን። ፀሐይዋ ክፍሉን ሞልታዋለች፤ የአቧራው ብናኝ ሳይቀር ይታያል። እሷ ጠርሙሷን እያየች ነው። ቀስ ብላ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ጎንበስ አለችና ጆሮዋን ፎይሉ ላይ አስጠጋች።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አልኳት በሹክሹክታ።

ዝም እንድል በእጇ ምልክት ሰጠችኝ።

መለኪያውን አየሁት። ዜሮ ነው።

"አቤት" አለች።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

"አቤት... አባዬ።"

ዓይኖቿን ጨፍና ብዙ ቆየች። ሜትሯ ከአንገቷ ተንጠልጥሎ ጠረጴዛውን ይነካል። ቀና ስትል ፊቷ ላይ እንባም ፍርሃትም የለም።

"ምን... ምን አለሽ?"

"ምንም አይልም።"

"ታዲያ?"

"እየሰማ ነው" አለችኝ። ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። "አንቺን ነው የሚጠብቀው። ንገሪው።"

እንዴት እንደተራመድኩ አላውቅም። ጠረጴዛው ጋ ደረስኩ። እሷ ከአጠገቤ ቆማ አፌን አፌን ታያለች።

ጎንበስ ብዬ አፌን ወደ ፎይሉ አስጠጋሁ።

ለስላሳ ነው፤ እኔው ነኝ በጣቴ አሽቼ ያለሰለስኩት። የመጀመሪያዋን ቃል ልናገር ከንፈሬን ሳላቅቅ ፎይሉ ተንኮሻኮሸ። ከውስጥ በኩል፣ ቀስ እያለ፣ አንድ ነገር ወደ እኔ መጣ። ብርጭቆው እንደሌለ ሁሉ ፎይሉን እየገፋ ወጣ።

መጀመሪያ ጠርዙ... ከዚያ እጥፋቱ... ከዚያ ከታች ለስላሳው ጫፉ።

ጆሮ ነው።

ከከንፈሬ ሥር ደርሶ ቆመ።